የውኃ ልክ ጉልበት

አማቴን «እንደምን አደሩ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቆሞ ለመስማት ጊዜ ሊኖረው ይገባል። እኔና እናንተ እንደምናደርገው «ደህና፣ ተመስገን» ብለው አያልፉም። «ግራው ሌሊቱን ሲነዘንዘኝ አደረ፣ ቀኙ ገና አልነቃም» ይላሉ። ጠያቂው ለሰላምታ የዘረጋውን እጅ ሳይሰበስብ የሁለት ጉልበት ወሬ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶቻችን ሲቸኩሉ ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ።

እኔ ራሴ ምራት ሆኜ እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን አልቅሼባቸዋለሁ። ስጠበብ ያረፈድኩበትን ምሳ አቅርቤ «ጣፈጠልዎት?» ብላቸው «ጨው በዝቶበታል» አሉኝ። ባሌ ራሱን ሳህኑ ውስጥ ሊደብቅ ምንም አልቀረው። እኔም «ምን ዓይነት ክፉ ሴትዮ ናት» እያልኩ ጓዳ ገብቼ ተነፋረቅሁ። ዋል አደር ስል ግን ነገሩ ገባኝ። እኚህ ሴት «ጥሩ ነው» ያሉኝ ዕለት በእርግጥ ጥሩ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አንድ ያስፈልጋል። ሁለት ከሆኑ ግን ቤቱ አይችላቸውም።

ሥራቸው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። የጀመሩት በወጣትነታቸው፣ ግንባታ ቦታ ላይ ሲሚንቶ በባልዲ እያመላለሱ ነው። ባለሙያው ወለል ሲያነጥፍ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ይበላቸው ነበር። አንድ ቀን ባለሙያው ሳይመጣ ሲቀር ፎርማኑን «እኔ ልሥራው» አሉት። «ሴት ልጅ ተንበርክካ ወለል ስታነጥፍ ማን አይቶ ያውቃል?» ቢላቸው «እንግዲህ ዛሬ ታያለህ» ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ ወዲህ እስከ እርጅና ድረስ ከመሬት አልተነሡም።

«ውኃ ልክ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አብረዋቸው የሠሩ ግንበኞች ናቸው። ውኃ ልክ ማለት ወለል ወይም ግድግዳ መዝመም አለመዝመሙን የሚያሳይ፣ መካከሉ ላይ በፈሳሽ ውስጥ የምትዋኝ አረፋ ያለችው መሣሪያ ነው። አማቴ የጠመመ ረድፍ ካዩ ሲሚንቶው ደርቆም ቢሆን ፈንቅለው ያነሡታል። ተቋራጩ «ኧረ እትዬ፣ ማን ያየዋል?» ሲላቸው «ውኃው ያየዋል» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ የመታጠቢያ ቤት ወለል ከጠመመ ውኃው ወደ ማፍሰሻው በመሄድ ፈንታ ወደ ሳሎን ይመጣል። በዚህ ጠባያቸው ከስንቱ ተቋራጭ ጋር ተጣልተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ተንበርክከው ኖሩ፣ ለሰው ግን ተንበርክከው አያውቁም።

ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ማለቱ ለሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ዘንድ አንድ ነው። ጉልበታቸውን የሸጡት በጉልበታቸው ነበርና ሁለቱም አብረው አለቁ። ደረጃ ሲወጡ ከመገጣጠሚያቸው የሚሰማው ድምፅ ጠጠር ሲፈጭ ይመስላል። ሐኪሞቹ ራጅ አንሥተው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልሱ ነገር ተበልቶ ማለቁን ነገሯቸው። መፍትሔው መገጣጠሚያውን በቀዶ ጥገና መቀየር ነው፣ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው። ተመዝግበው ጠበቁ። ዓመታት አለፉና ስማቸው ወደ ላይ ተጠጋ፤ «እንግዲህ ከመጪው ዓመት አያልፍም» ተባሉ። ቤታችን ውስጥ የዚያን ዓመት ስም ስንጠራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር፣ እንዳይሰማንና እንዳይሸሸን።

መርፌው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከጤና ቢሮ የተላከች ዶክተር የጉልበት ሕመምተኞቹን ሰብስባ አስረዳች። ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ጄል የሚሉት አዲስ መድኃኒት አለ፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ቢሮው በሕዝብ ገንዘብ ገዝቶ በየሆስፒታሉ ከማደሉ በፊት የእውነት መሥራቱን ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈቃደኞች በሁለት ዙር ይወጋሉ፤ ግማሹ ጄሉን፣ ግማሹ ጨው ያለበት ተራ ውኃ። ማን ምን እንደተወጋ ተወጊውም ወጊውም አያውቁም፣ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ሕመም ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ይመዘናል። በመጨረሻው ምዘና ከአምስት በታች የወረደለት ሰው ከቀዶ ጥገናው ወረፋ ይወጣና ቦታው ይበልጥ ለሚያመው ይሰጣል።

«እንዴ፣ ውኃ ልትወጉን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምናልባት» አለች ዶክተሯ።

አማቴ ያቺን «ምናልባት» ወደዷት። «ይቺ ልጅ አትዋሽም» ብለው ፈረሙ።

ባሌ ማታውኑ ጸጉሩን ነጨ። «እማዬ፣ ወረፋሽ ጫፍ ደርሶ ምን አስገባሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።»

«ከሠራ ልዳን፣ ካልሠራ ይታወቅ» አሉት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የምትወጋው ሲስተር ናት፤ ሕመሙን የምትጠይቀውም እሷው ናት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሲስተር እጇ ቀላል፣ አንደበቷ ማር የሆነች ልጅ ናት። አጎንብሳ የሽማግሌ ጫማ ትፈታለች፣ የሁሉንም የልጅ ልጅ ስም በቃሏ ታውቃለች። እኔ አማቴን ይዤ ስለምመላለስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ የክፍሉ በር ስለማይገጥም ወሬው ሁሉ ይሰማኛል። አንዲት እናት ግድግዳ እየተደገፉ ገቡ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ ተመስገን።»

«ሕመሙስ ቀነሰልዎት?»

«ኧረ ቀንሷል፣ እጅሽ ይባረክ።»

«ስንት ልበለው?»

«አንቺ ያልሽውን በይው።»

«ሦስት ልበል?»

«ሦስት በይው፣ ምን ገዶኝ።»

እኚያ እናት ሲወጡም ግድግዳው አልተለያቸውም። ከሳቸው በኋላ የገባውም፣ ከዚያም በኋላ የገባው እንደዚሁ ነው። ከወንበር ለመነሣት የሰው እጅ የሚለምን ሁሉ እዚያች ክፍል ሲገባ ይድናል። ሰው አይፈረድበትም። ልጅቷ እንዲያ ደክማ፣ እንዲያ አክብራ፣ «አልተሻለኝም» ብሎ ፊቷን ማጥቆር እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከጉልበት ሕመም በላይ ሰው ያጎብጣል።

አማቴ ገቡ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ያመኛል።»

«ግን ከበፊቱ ይሻላል አይደል?»

«አይሻልም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ልጄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ጠባይሽም ጥሩ ነው። ጉልበቴ ግን ስምንት ነው። ስምንት በይ።»

ሲስተር ስምንት አለች። እሳቸው ሲወጡ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የሚቀጥለውንም ሰው የጠራችው በተሰበረ ድምፅ ነው። ኮሪደሩ በሙሉ አማቴን ገላመጠ።

አፍ አውጥተው የተናገሩት ግን ጋሽ ሾፌር ናቸው። እኚህ ሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ክላች በመርገጥ የግራ ጉልበታቸው ያለቀ፣ ጨዋታ አዋቂና በሁሉ የተወደዱ ሽማግሌ ናቸው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው «እትዬ፣ ምነው እንዲህ ምስጋና ቢስ ሆኑ? ልጅቷን አስለቀሷት» አሉ።

«ምስጋናውን ነግሬያታለሁ። ጉልበቴን ስትጠይቀኝ ደግሞ ጉልበቴን ነገርኳት።»

«እርስዎ አይሠራም እያሉ መርፌውን ቢያስቀሩብንስ? ከምንም ይሻል የለም እንዴ?»

«የእርስዎ ስንት ነው?»

«እኔማ ሁለት ብያለሁ።»

«ያሉትን መች ጠየቅሁዎት?»

ጋሽ ሾፌር ከዘራቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ሲመጡ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እሳቸውም ቦርሳቸውን በተለቀቀው ቦታ ላይ አስቀምጠው ተመቻቹ።

ወሬው ባሌ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሰፈር ወሬ ጉልበቱን አያመውም። «እማዬ፣ ሰው ማስቀየም ምን ይጠቅምሻል?» አላቸው። «ደህና ነኝ ማለት እኮ ሰላምታ ነው፤ ምስክርነት አይደለም።»

«ለሰላምታ ቢሆን እኔስ መች ጠላሁ? እነሱ ግን እየመዘገቡት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ተሻለኝ ሲል አንቺ ብቻ…»

«ሰው ሁሉ ከዋሸ እኔም ልጨመርበት? ረድፉ በሙሉ ከጠመመ ቀጥ ያለችው አንዷ ናት የምትነሣው?»

ባሌ እኔን አየኝ፣ እንድረዳው። እኔ ግን ያን ቀን ከአማቴ ጋር ወገንኩ። የዚያን ኮሪደር ሰዎች እየተንፏቀቁ ሲወጡ ያየሁ እኔ ነኝ። «እማማ ልክ ናቸው» አልኩት፤ ያን ማታ ራቱን ያለ ወሬ በላ።

የመጀመሪያው ምዘና ተደምሮ ሲወጣ እጅግ ያማረ ሆነ። ጄሉም ውኃውም ሳይለይ፣ ከአማቴ በቀር ተወጊው ሁሉ ድኗል። ከቢሮው የመጡ ኃላፊዎች ተሳታፊዎቹን ሊያመሰግኑና ከወረፋው የሚወጡትን ስም ሊያነቡ ስብሰባ ጠሩ። መጨረሻውን ሳይጠብቁ ነው እንግዲህ፣ የምሥራች አያስችልም። የስብሰባ አዳራሹ ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም፤ በሩ ላይ «ለጥገና» ብለው የለጠፉት ወረቀት ራሱ ጥገና የሚያስፈልገው ሆኗል።

ሕመምተኞቹ ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ከዚያ በሕይወቴ አይቼ የማላውቀው ትሕትና ተጀመረ።

«ይቅደሙ ጋሽዬ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ?»

«ሴቶች ይቅደሙ እንጂ።»

«አይ፣ ታላቅ ይቅደም።»

ማንም አልቀደመም። ሁሉም ደረጃውን በዓይኑ ይለካና ለጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ መንገድ ይለቃል። ጋሽ ሾፌር እንደምንም አንዱን ደረጃ ወጡ፤ ሁለተኛው ላይ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው አንቀው ቀሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እየሳቁ ነበር፣ ሰው እንዳያውቅባቸው።

አማቴ በመካከላቸው አልፈው የታችኛው ደረጃ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና «ደህና የሆነ ሰው በጎኔ ይለፍ» አሉ።

ከላይ አንድ ሰውዬ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኧረ እየተጠበቃችሁ ነው» አለ።

«አንመጣም» አሉት።

«እና ለዶክተር ምን ልበላት?»

«ደህና ናቸው በላት። በጣም ደህና ስለሆኑ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ታች ተቀምጠዋል በል።»

ሲስተር እየሮጠች ወረደች። አማቴን ሳታይ በቀጥታ ጋሽ ሾፌር ጋ ሄደች፤ እጃቸውን ያዘች። «ጋሽዬ፣ እርስዎ እንኳ ይውጡ፣ ሌላውም ያያል። ሁለት ብለውኝ አልነበር?»

ሽማግሌው መደገፊያውን ለቀው ቀስ፣ ቀስ ብለው ወረዱና አማቴ አጠገብ ተቀመጡ። ለመቀመጥም ጊዜ ፈጀባቸው። «ሁለት ያልኩሽ አንቺን ላለማስከፋት ነው» አሏት። «ዘጠኝ ነው፣ የኔ ልጅ። ዘጠኝ ነው።» ፊታቸውንም በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

ከዚያ የቀረው ሁሉ ተቀመጠ። እኚያ ግድግዳ የማይለያቸው እናት ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ደረጃው በሰው ሞልቶ ማለፊያ ጠፋ። አንዱ «ሰባት» አለ፣ አንዷ «የኔም ስምንት ነው» አለች። ያ ሁሉ ሕመም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ለካ ሁሉም በየኪሱ ይዞት ሲዞር ነበር። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከኀዘን ይልቅ የኩራት ነበር።

ዶክተሯ ወርዳ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየች። ሲስተርን «እንዴት ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?» አለቻት።

«እንዴት ነዎት ብዬ ነዋ።»

ዶክተሯ ግንባሯን ያዘች። «እኔ ደግሞ ጉልበት ስንመዝን የከረምን መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ የመዘንነው ይሉኝታ ነው።»

«ታዲያ የነዚህ ሰዎች ስም ከወረፋው ሊወጣ ነው?» አሉ አማቴ። አልተነሡላትም።

«ዛሬ ሊነበብ ነበር።»

«አይነበብማ።»

«አይነበብም» አለች ዶክተሯ። ሁለተኛው ዙር መርፌ ከተወጋ በኋላ ሁሉም ከመነሻው እንደገና እንደሚመዘን እዚያው ደረጃ ላይ ቆማ ተናገረች። ጠያቂው ሲስተር አትሆንም፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰላምታ የለም፤ ሰው ቁጥሩን የሚናገረው ያንኑ ደረጃ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ነው። ከላይ የነበሩት ኃላፊዎች ምስጋናቸውን ይዘው በጓሮ በር ሄዱ።

አዲሱ ጠያቂ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ነው። ሕመምተኞቹ ወዲያው «ቋጥኝ» የሚል ስም አወጡለት። «ውጡ። ውረዱ። ስንት?» ከማለት ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። «እግዜር ይስጥልኝ» ቢሉት ቀና አይልም። ለሱ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ስላልተገኘ ሥራው ሰመረ። ሲስተርም ከመጠየቅ ነጻ ወጥታ መውጋቷን ቀጠለች፤ አማቴን ግን ለብዙ ጊዜ በዓይኗ ሸሸቻቸው።

ሁለተኛው ዙር ከተወጋ ሳምንታት በኋላ ነው፣ አማቴ ከዝቅተኛው በርጩማ ጠረጴዛውን ሳይዙ ሲነሡ ያየሁት። ምንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ከገበያ ሲመጡ መንገድ ላይ ማረፋቸውን ረስተው መጡ። እኔ ደስታና ፍርሃት ተደባልቆብኝ ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ቁርስ ላይ ራሳቸው አወጡት። «ቀንሷል» አሉ።

ባሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስንት ሆነ?»

«አራት።»

ከአምስት በታች። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ ያ ስንት ዓመት የተጠበቀ ወረፋ። ቀዶ ጥገናው ሊደርስ ወራት ቀርተውታል።

«አምስት በይ» አለ ባሌ። «እማዬ፣ አንዲት ቁጥር ናት።»

«አምስት አይደለም።»

«ነገ ተመልሶ ቢብስብሽስ? የተወጋሽው ውኃ ቢሆንስ? አምስት ብትዪ ማን ያውቃል?»

እኔም በዚህኛው ከባሌ ጋር ሆንኩ። ብቻቸውን ልብስ መልበስ ሲያቅታቸው ያለበስኳቸው እኔ ነኝ፣ ያን ነገር ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም። «እማማ፣ እኔም ልለምንዎት» አልኩ። «ለአንዴ ብቻ።»

የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን ፈርተው ነበር። «ያን ሁሉ ሰው ደረጃ ላይ አስቀምጬ እውነቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሲያመኝ ስምንት፣ ሲሻለኝም ስምንት ካልኩ፣ ያ ስምንት ምን ሊረባ? እንደነሱ ሦስትና ሁለት መሆኑ አይደል? ተዉኝ በቃ። ተዉኝ።» ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በመጨረሻው ምዘና ቀን ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ደረጃውን ሲወጡ አየሁ፤ በአንድ እጅ ብቻ መደገፊያውን ይዘው፣ ሳያርፉ። በሆዴ «ትንሽ ያነክሱ» ብዬ ተመኘሁ። አላነከሱም። በሩ ተዘጋ። በኋላ እንደነገሩኝ ቋጥኝ «ስንት?» ሲል «አራት» አሉት፤ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «አራት?» አላቸው። የስምንቷ ሴትዮ መሆናቸውን ያውቃል።

«ጆሮህን ያምሃል እንዴ?» አሉት። «አራት።»

ስማቸው ከወረፋው ወጣ። ቦታቸው ለጋሽ ሾፌር ደረሰ፣ ዘጠኛቸው አልተነቃነቀም ነበርና። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እቤታችን ድረስ መጡ፤ ደጅ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። «እትዬ፣ ቦታዎን ነጠቅሁዎት» አሉ።

«ቦታው ይበልጥ ለሚያመው ሰው ነው» አሏቸው። «ደግሞ ደጅ አይቁሙብኝ፣ ሰው የተጣላን ይመስለዋል። ይግቡ።»

ጋሽ ሾፌር ቀዶ ጥገናው ተሠራላቸው። ደህና ሆኑ፤ ይህንን «ደህና» አማቴ ራሳቸው ሄደው፣ ሲራመዱ አይተው ነው ያረጋገጡት።

ጥናቱ ሲያልቅ ዶክተሯ ተሳታፊዎቹን እየጠራች ምን እንደተወጉ ነገረቻቸው። ባሌም ተከትሎን ሄደ።

«እርስዎ የተወጉት ውኃ ነው» አለቻቸው። «ሁለቱንም ጊዜ።»

ባሌ ከወንበሩ ተነሣ። «ውኃ ወግታችሁ ነው ወረፋዋን የነጠቃችኋት? እማዬ፣ ውኃ ልክን ውኃ ሸወዳት ይበሉሽ እንግዲህ።» ፊቱ ቀልቷል፤ ቀልዱን የተናገረው እንዳያለቅስ ነው።

«ቁጭ በል» አሉት። ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ታዲያ አልተሻለኝም ነበር?»

«ተሽሎዎት ነበር። ሕመሙ የእውነት ቀንሶ ነበር። እንዲህ ያጋጥማል፤ ሕመም በራሱም ከፍና ዝቅ ይላል፣ ታከምኩ ብሎ ተስፋ ማድረግም ያቀልላል። ጄሉን ከተወጉትም የተሻላቸው አሉ፣ ውኃውን ከተወጉትም እንዲሁ፤ ሲነጻጸር ብዙ ልዩነት የለውም። እርስዎና እንደ እርስዎ ውኃ ተወግተው የተሻላቸው ወረፋችሁን ላለማጣት ስምንት ብላችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ውኃው ያልሠራ፣ ጄሉ የሠራ ይመስል ነበር። ቢሮውም ይገዛው ነበር። አሁን አይገዛም። ገንዘቡ ለቀዶ ጥገናው ክፍል ይዋል ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ይሰሙኛል አይሰሙኝም አላውቅም።»

አማቴ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «እንግዲያው አራቱ እውነት ነበር» አሉ፣ ለባሌ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «ውኃም ይሁን ወተት፣ አራት ነበር።» ተነሥተው የዶክተሯን እጅ ጨበጡና ወጡ። አውቶቡስ ላይ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያዩ ሄዱ።

ብርዱ ሲገባ ሕመሙ ተመለሰ። መጀመሪያ አምስት ሆነ፣ ከዚያ ስድስት፤ ይህን የምናውቀው በየጠዋቱ ሳንጠይቃቸው ስለሚነግሩን ነው። ስምንት ያሉ ቀን ካፖርታቸውን አውርደው «ሆስፒታል ውሰዱኝ» አሉ።

መዝገብ ቤቱ ከወረፋተኛ ጋር ግጥም ብሏል። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ከኋላ ያለ ሰው ወንበር ሊያቀርብላቸው ፈለገ፤ «ቆሜ ነው የምናገረው» አሉት። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ስማቸውን ጽፋ ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች።

«እማማ፣ ባለፈው ሕመምዎ አራት ነው ብለዋል ይላል እኮ።»

«ያኔ አራት ነበር። ዛሬ ስምንት ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ እንደ አዲስ ነው የሚመዘገቡት። ከመጨረሻ ነው የሚጀምሩት።»

ባሌ አፉን ሲከፍት በክርናቸው ጎሰሙት። በሁለት እጃቸው የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው፣ ጉልበታቸው ከሥራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ።

«ከመጨረሻ ጻፊኝ» አሉ። «ስምንቷን ግን አስተካክለሽ ጻፊ። እዚሁ ቆሜ እያየሁሽ ነው።»